ጠንካራ የቧንቧ ውሃ፦ ለክቶ ማወቅ፣ ለይቶ ማከም

የውሃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገር ነጭ ቅርፊት፣ የሻወሩን ቀዳዳዎች የሚደፍን ድንጋይ፣ ታጥቦ ሲደርቅ የሚሻክር ፎጣ። ብዙ ሰው እነዚህን ሲያይ ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ «ይሄ ውሃ ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ምን እያደረገ ይሆን?» የሚል ነው። ከዚያ ማጣሪያ ፍለጋ ይወጣል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የባሰው ግን ማጣሪያ ገዛሁ ብሎ ሲረጋጋ፣ በእርግጥ የሚያሳስበው ነገር ሳይታይ መቅረቱ ነው።

የውሃ ጥንካሬ (ካልሲየምና ማግኒዥየም መብዛቱ) በዋናነት የዕቃና የሳሙና ጉዳይ ነው፤ የውሃ ንጽሕና ግን የጤና ጉዳይ ነው። የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ የሚታከሙበት መሣሪያም እንዲሁ። ይህ መመሪያ በመጀመሪያ ሁለቱን ይለያል፣ ቀጥሎ ያስለካል፣ መግዛቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃ ለምን ይጠነክራል?

ዝናብ ሲወርድ ውሃው ለስላሳ ነው። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ትንሽ አሲድነት ያገኛል። የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ ያሟሟዋል፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተሸክሞም ይወጣል። ለዚህ ነው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ የሚጠነክረው። የለንደን ውሃ ኖራማ መሬት አቋርጦ ስለሚመጣ ጠንካራ ነው። የስኮትላንዷ ግላስጎው ደግሞ ከ1859 ጀምሮ ከሎክ ካትሪን ሐይቅ ስለምታገኝ ውሃዋ በጣም ለስላሳ ነው።

ትልልቅ ከተሞች ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ምንጭ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዱ ሰፈር ከግድብ ይጠጣል፣ ሌላው ከጉድጓድ፤ የአንዱ ሰፈር ውሃም በወቅቱ ሁኔታ ሊቀያየር ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ቤት የሠራ ማለስለሻ (ጥንካሬውን ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) ለእናንተ ቤት ላይሆን ይችላል። የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ።

ጤናን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ማፍያው ውስጥ የሚንሳፈፈው ነጭ ብናኝም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቢዋጥ አይጎዳም። የልጆች የቆዳ ችፌ በማለስለሻ ይሻላል የሚለውን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በ336 ልጆች ላይ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ፈትሾታል፤ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። ልጁ ችፌ ስላለበት ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ አትበደሩ።

ደረጃ 1፦ ጥንካሬውን ለኩ

ጥንካሬ የሚገለጸው በካልሲየም ካርቦኔት ሚሊ ግራም በሊትር ነው። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ዕቃዎች ላይ ሌሎች መለኪያዎችም ታገኛላችሁ፦ 1 የጀርመን ዲግሪ 17.8፣ 1 የፈረንሳይ ዲግሪ 10፣ 1 የአሜሪካ ግሬን በጋሎን ደግሞ 17.1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግራ የሚያጋባችሁ መለኪያው ስለሚለያይ ነውና፣ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን አሃድ አንብቡ።

ምንም ሳትገዙ መጀመር ከፈለጋችሁ በሳሙና ሞክሩ። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ አትጠቀሙ፤ እሱ ጠንካራ ውሃ ላይም ያረፋል። ደረቅ የገላ ወይም የልብስ ሳሙና በቢላ ላጡና በትንሽ የዝናብ ወይም የተጣራ የባትሪ ውሃ አሟሙት። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ያዙ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በዝናብ ውሃ እስከ ሲሶው ሙሉ። እኩል ጠብታ የሳሙና ሙሙቱን ጨምሩና ከድናችሁ አራግፉ። የዝናብ ውሃው ወፍራም አረፋ ይዞ ይቆያል። ጠንካራው ግን አረፋው ቶሎ ይጠፋል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ ከላይ ግራጫ እርጎ መሳይ ነገር ይንሳፈፋል። መታጠቢያ ገንዳ ላይ የሚቀረው ቀለበትም ይኸው ነው፤ ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተያይዞ የሠራው የማይሟሟ ዝቃጭ ነው።

ቁጥር የሚሰጣችሁ ግን የጠብታ መመርመሪያ ነው። ትንሿን ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር የሚለው መስመር ድረስ በውሃ ትሞላላችሁ። የመጀመሪያውን ፈሳሽ፣ ቀለም የሚሰጠውን ጠቋሚ፣ ስትጨምሩ ውሃው የወይን ጠጅ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛውን ፈሳሽ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ትንጣላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ፤ እንደገና ጠብ፣ መናጥ፣ መቁጠር። መጨረሻው ሲቃረብ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ጠብታ ሲጨመር ጥርት ያለ ሰማያዊ ይወጣል። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች 1 ጠብታ 1 የጀርመን ዲግሪ ነው፤ 15 ጠብታ ከሆነ 15 በ17.8 ሲባዛ 267 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ማለትም በጣም ጠንካራ ነው። የወረቀት መመርመሪያም አለ፤ እሱ ግን የሚሰጠው ግምት ነው።

እስክሪብቶ የመሰለው የቲ.ዲ.ኤስ. መለኪያ ጥንካሬን አይለካም። የሚያሳየው በውሃው ውስጥ ያለው ጨው በጥቅሉ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ካልሲየም ይሁን ሶዲየም አይለይም፤ ባክቴሪያንም ሆነ እርሳስን (ብረቱን) አያይም። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ውሃው መርዝ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ ብታደርጉ ይጠቅማል። ያንኑ ውሃ ድስት ከድናችሁ ለ10 ደቂቃ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ዝቃጩን ሳትነኩ ከላይ ያለውን ቅዱና እንደገና ለኩ። የቀነሰው ያህል ጊዜያዊ ጥንካሬ ነው፤ ሲሞቅ ከውሃው ወጥቶ ድንጋይ የሚሆነው እሱ ነው። የቀረው ቋሚ ጥንካሬ ሲሆን መፍላት አያነሣውም። ጊዜያዊው የሚበዛ ከሆነ ማፍያውና ቦይለሩ ያስቸግሯችኋል፤ ቋሚው የሚበዛ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የሚጎላው በሳሙናው በኩል ነው።

ደረጃ 2፦ ውሃው ለመጠጥ ደህና መሆኑን ለብቻው አረጋግጡ

በዓይንና በአፍንጫ ጀምሩ። ብርጭቆ ሞልታችሁ አስቀምጡ። እንደ ወተት ነጥቶ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ምንም አይደለም። ቡኒ ወይም ቀይ ከሆነ ዝገት ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ ነጠብጣብ ገንዳው ላይ ከተወ የመዳብ ቧንቧ እየተበላ ነው። ስትነኩት የሚያጠቁር ፍርፋሪ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ጎማ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው የሞቀው ውሃ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከቦይለሩ ነው፤ ቀዝቃዛውም የሚሸት ከሆነ ከምንጩ ወይም ከመስመሩ ነው። ሰድሩ ላይ የሚታየው ሮዝ ንፍጥ አየር ወለድ ባክቴሪያ ነው፤ በመፈተግ ይለቃል።

ቀጥሎ የክሎሪን መመርመሪያ ግዙ። ቤት ውስጥ አንድ መመርመሪያ ብቻ ግዙ ብባል እመርጠው የነበረው ይሄንን ነው። ክሎሪን የሚጨመርበት ውሃ ቤታችሁ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል። ሁለት ቦታ ለኩ፦ አንዱን ቆጣሪው አጠገብ በቀጥታ ከመስመሩ፣ ሌላውን ውሃው በታንከር ካለፈ በኋላ ወጥ ቤት። መስመሩ ላይ 0.4 ኖሮ ወጥ ቤት ዜሮ ከሆነ ችግሩ ያለው ታንከሩ ውስጥ ነው። መስመሩ ላይም ዜሮ ከሆነ ግን ለውሃ አቅራቢው ንገሩ፣ እስኪስተካከል ድረስም እያፈላችሁ ጠጡ።

ለባክቴሪያ ምርመራ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ስትወስዱ ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ተቀበሉ፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ኬሚካል ያለበት ንጹሕ ጠርሙስ ነው፣ አትለቅልቁት። ናሙናውን በበረዶ አቀዝቅዛችሁ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ አድርሱ። ውጤቱ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ) ፈጽሞ ያልተገኘበት መሆን አለበት።

ከኬሚካሎቹ ጠይቃችሁ የምታስመረምሩት እንደ አካባቢው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም፣ ለአርሴኒክና ለእርሳስ 0.01 ሚሊ ግራም ያስቀምጣል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አስመርምሩ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ እርሳስን አትዝለሉ፤ በቤቱ ቧንቧና ብየዳ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሚሺጋን ውስጥ በፍሊንት ከተማ በ2014 የውሃው ምንጭ ወደ ፍሊንት ወንዝ ሲቀየር፣ ቧንቧው እንዳይበላ የሚደረገው ሕክምና ተትቶ ነበር፤ ከአሮጌ ቧንቧዎች የወጣው እርሳስ ሕፃናት ደም ውስጥ ገባ። የእርሳስ ናሙና የሚወሰደው ጠዋት፣ ውሃው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ቧንቧው ውስጥ ከቆመ በኋላ፣ ከሚወጣው የመጀመሪያ ሊትር ነው።

መፍላት የሚገድለው ሕይወት ያላቸውን ነው። ውሃው ተንፈቅፍቆ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ ይፍላ። ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና እርሳስን ግን መፍላት አያስወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበዛሉ። ናይትሬት የበዛበትን ውሃ አፍልቶ ለሕፃን ወተት መበጥበጥ አደገኛ ነውና ይህን ለሌላም ሰው ንገሩ።

ደረጃ 3፦ ታንከሩን እጠቡ

ውሃ የሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፤ በተሰነጠቀ ቧንቧም ከውጭ ቆሻሻ ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ወደ ታንከር አታስገቡ። ለመጸዳጃ ወይም ለወለል ቅዱት፣ እስኪጠራም ጠብቁ።

ስታጥቡ ታንከሩን ባዶ አድርጉ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፣ ዝቃጩን በታችኛው ማፍሰሻ አውጡ፣ አለቅልቁ። ከዚያ በውሃ ሙሉና 5 ከመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ጨምሩ፤ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ይሆናል። የቤቱን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ከፍታችሁ የክሎሪን ሽታ ሲመጣ ዝጉ፤ መስመሮቹም አብረው ይጸዳሉ። 12 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ በዚያ ጊዜ ማንም አይጠጣ። ከዚያ ሁሉንም አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ክሎሪኑን ለኩ። ክዳኑ የሚገጥም መሆኑን፣ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻውና የአየር መውጫው አፍም በወንፊት መሸፈኑን እዩ። ትልቅ ታንከር ውስጥ ሰው የሚገባ ከሆነ ብቻውን አይግባ፣ በረኪናም ውስጥ ሆኖ አይበጥብጥ።

ደረጃ 4፦ ቅርፊቱን አስለቅቁ

ለማፍያው ከአቼቶ ይልቅ ሲትሪክ አሲድ እመርጣለሁ፤ አይሸትም፣ ቶሎ ይሠራል። ማፍያውን በውሃ ሙሉ፣ ለብ ያለ ሲሆን አጥፉ፣ ለ1 ሊትር ከ20 እስከ 30 ግራም በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። አረፋ ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚወጣው። ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ይደፋ፣ ንጹሕ ውሃ አንዴ ፈልቶ ይደፋ። ሲትሪክ አሲዱን አብራችሁ አታፍሉት፤ በጣም ሲሞቅ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ሌላ ነጭ ነገር ይረጋል፣ እሱን ማስለቀቅ ከመጀመሪያው ይብሳል።

የሻወሩን ራስ ፈታችሁ 5 ከመቶ አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ንከሩት። የማይፈታ ከሆነ አቼቶ የተሞላ ላስቲክ ከረጢት ራሱ ላይ እሰሩበት። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊትም አትርሷት፤ ውሃው ቀጠነ ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራት በፊት እሷን ፈትቶ ማየት ይበቃ ይሆናል። አሲድ እብነ በረድና የተፈጥሮ ድንጋይ ይበላል፣ አሉሚኒየምም ይጎዳል። ከሁሉም በላይ፣ አቼቶም ሆነ ማንኛውንም አሲድ ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቦይለር ውስጥ ቅርፊት መኖሩ በድምፅ ይታወቃል፤ ሲሞቅ ይንኳኳል፣ ይንጣጣል። ድንጋይ የለበሰ ማሞቂያ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ስለሚያቅተው ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ ቦይለር ለማጽዳት በቅድሚያ ከቆጣሪ ሳጥኑ መብራቱን አጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዚያ ከታች አፍስሱ። መግቢያውን ለአፍታ እየከፈታችሁ ዝቃጩን ግፉት። መልሳችሁ ስትሞሉ ከቧንቧው አየር የሌለበት ውሃ በደንብ እስኪወርድ ድረስ መብራቱን አታብሩ፤ ውሃ ያልሸፈነው ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል። ማሞቂያውን መፍታትና ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዥየም ዘንግ መቀየር ለባለሙያ ይተው። ሙቀቱን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ይፈጥናል፣ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ መካከል የሚመቸው፣ ሳንባ የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት 60 ዲግሪ ቆዳ እንደሚያቃጥል አስቡና ቧንቧው ላይ ማቀላቀያ ይኑር።

ደረጃ 5፦ ማለስለሻ ያስፈልጋችኋል?

ጥንካሬው ከ120 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ አያስፈልግም፤ ማፍያውን አልፎ አልፎ ማጽዳት ይበቃል። እስከ 200 ድረስ ብዙ ቤት የሳሙናውን መጠን አስተካክሎ፣ ልብስን በ40 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች አጥቦ ይኖራል። ከዚያ በላይ ሲሄድና ቦይለርና ማሽን ሲበላሽ ማለስለሻ ወጪውን ሊመልስ ይችላል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ጋን ውስጥ ያለው ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) ካልሲየምና ማግኒዥየምን ይይዝና በምትካቸው ሶዲየም ይለቃል። ሲሞላ በጨው ውሃ ይታጠብና እንደገና ይጀምራል። መጠኑን በራሳችሁ አስሉ። በቀን 500 ሊትር የሚጠቀም ቤት፣ ጥንካሬው 300 ከሆነ፣ በቀን 150 ግራም ጥንካሬ (በካልሲየም ካርቦኔት) ይመጣለታል፤ በዓመት 55 ኪሎ ገደማ። በቁጠባ ሲሠራ 1 ሊትር ሬዚን ከ40 እስከ 50 ግራም ይይዛል። ስለዚህ 25 ሊትር ሬዚን አንድ ሳምንት ያህል ያገለግላል። ሻጩ ይህን ስሌት ሳያሳያችሁ ትልቁን ዕቃ ብቻ የሚያወድስ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ውሃው ብረት (አይረን) ካለበት በፊት ይወገድ፤ ሬዚኑን ያበላሸዋል።

የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ውሃ ማለስለሻው ውስጥ አታሳልፉ። ከ100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ምትክ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይገባል፤ ከ300 ምትክ 138 በሊትር። ለጤነኛ አዋቂ ብዙ ባይሆንም የጨው ክልከላ ላለበት ሰውና ለሕፃን ወተት አይመከርም። በተጨማሪም ለስላሳ ውሃ እርሳስና መዳብ ካለበት አሮጌ ቧንቧ ብዙ ብረት ሊያሟሟ ይችላል፤ ጠንካራው ውሃ ቧንቧው ውስጥ የሚለብሰው ስስ ቅርፊት መከላከያ ነው። ሙቅ ውሃውንና ማሽኑን ብቻ ማለስለስ ዋጋውንም ጨዉንም ይቀንሳል።

ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመው ማግኔትና የሽቦ መሣሪያ ካልሲየሙን አያወጣም፤ ቅርፊት ይከላከላል የሚለውም የተረጋገጠ አይደለም። ገንዘባችሁን አትስጡበት።

ደረጃ 6፦ ለመጠጥ የሚሆን ማጣሪያ ምረጡ

በደረጃ 2 ያገኛችሁት ውጤት ይወስን። የከሰል ማጣሪያ ክሎሪን፣ ሽታና ጣዕም ያስተካክላል፤ ጥንካሬን አይነካም። የጀግ ማጣሪያ ከከሰሉ ጋር ትንሽ ሬዚን ስላለው ጊዜያዊ ጥንካሬን ይቀንሳል፤ ካርትሪጁ በጊዜው ካልተቀየረ ግን የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ዩ.ቪ. (አልትራቫዮሌት) መብራት ጀርም ይገድላል፣ የሚሠራው ግን ጥርት ባለ ውሃ ላይ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ጥንካሬን፣ ፍሎራይድን፣ ናይትሬትን፣ አርሴኒክንና እርሳስን በእጅጉ ይቀንሳል። በምትኩ ውሃ ያባክናል፤ አሮጌዎቹ ለ1 ሊትር 3 ወይም 4 ሊትር ይደፋሉ። የሚደፋውን ለመጸዳጃ ሰብስቡት።

ዕቃው ላይ የኤን.ኤስ.ኤፍ/አንሲ (የአሜሪካ የጥራት ደረጃ) ቁጥር ፈልጉ፦ 42 ጣዕምና ክሎሪን፣ 44 ማለስለሻ፣ 53 እንደ እርሳስ ላሉ ጤናን ለሚነኩ፣ 55 ዩ.ቪ.፣ 58 ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ የእናንተ ችግር፣ ለምሳሌ እርሳስ፣ በስሙ ተጠቅሶ መረጋገጡን አንብቡ።

ቤት ድረስ መጥቶ ሁለት ብረቶች ውሃ ውስጥ ነክሮ መብራት የሚያገናኝ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። የቧንቧ ውሃው ቡኒና ጥቁር ሆኖ ይደፈርሳል፣ የእሱ የተጣራ ውሃ ጥርት ብሎ ይቆያል። ቡኒው ነገር ከውሃው አልመጣም፤ ብረቱ ራሱ በኤሌክትሪክ ተበልቶ የወጣ ዝገት ነው። የተጣራው ውሃ ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ብረቱም አይበላም። እሱ ባጣራው ውሃ ላይ ቁንጣሪ ጨው ጨምራችሁ ድጋሚ እንዲሞክር ጠይቁት፤ እሱም ይደፈርሳል። እናቶችን በልጆቻቸው ጤና አስፈራርቶ መሸጥ ነውር ነው፤ ይህን ሙከራ ለጎረቤት ማሳየት ብዙ ቤት ያድናል።

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ

ማለስለሻው በሠራ በሳምንቱ የጠብታ መመርመሪያውን ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ላይ ድገሙ። ከዚያም በየወሩ፣ ሬዚኑ በጨው ሊታጠብ አንድ ቀን ሲቀረው ለኩ፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከመጣ የጨው ሳጥኑን እዩ፤ ጨዉ ተጋግሮ ድልድይ ሠርቶ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ በእንጨት ስበሩት። የመጠጥ ማጣሪያው ካርትሪጅ ላይ የተቀየረበትን ቀን በማርከር ጻፉ። አቅራቢው ምንጭ ሲቀይር፣ ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ሲቆፈር ወይም የውሃው ጣዕም ሲለወጥ ክሎሪኑንም ጥንካሬውንም እንደገና ለኩ፤ ማለስለሻው የተስተካከለው ለድሮው ቁጥር ነውና አዲሱን ቁጥር አስገቡለት።